የኦፒኤው ስትሪፕ ያልፋል፣ ኮልቸሩ ግን ሱዶሞናስ ያበቅላል፤ የቱን እንፈትሽ?

ሲስተር ልደታ

ሰላም ለዚህ ቤት። ልደታ አካባቢ ባለ የግል ክሊኒክ የኢንዶስኮፒ (በካሜራ ቱቦ ውስጥን የማየት ምርመራ) ክፍል ነርስ ነኝ። ሁለት ጋስትሮስኮፕ (የጨጓራ ማያ ቱቦ) እና አንድ ኮሎኖስኮፕ (የትልቁ አንጀት ማያ) አለን፣ ሦስቱም የኦሊምፐስ ኩባንያ ሥሪት ናቸው። ማጠቢያ ማሽን የለንም፤ ሁሉም በእጅ ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ የምንጠቀመው ጣሪያ ላይ ካለው ሮቶ ነው።

አሠራራችን እንዲህ ነው፦ ምርመራው እንዳለቀ ስኮፑ በጨርቅ ይጠረጋል፣ ኢንዛይም ያለበት ውሃ በሳክሽን ይሳባል፣ ከዚያ ወደ ማጠቢያ ክፍል። ሊክ ቴስት (ስኮፑ ቀዳዳ እንደሌለው መፈተሽ)፣ በኢንዛይማቲክ ዲተርጀንት ማጠብና መቦረሽ፣ ማለቅለቅ፣ 0.55% ኦፒኤ (ጀርም ገዳዩ መድኃኒት) ውስጥ 12 ደቂቃ፣ ማለቅለቅ፣ 70% አልኮል በቻናሉ (በስኮፑ ውስጥ ባለው ቀጭን ቱቦ) ማሳለፍ፣ በ20 ሲሲ ሲሪንጅ ሁለት ሦስቴ አየር መግፋት፣ ቁምሳጥን ውስጥ መስቀል። የኦፒኤውን መጠን የሚለካው ስትሪፕ ጠዋት ጠዋት ይነከራል፣ ሁሌም ያልፋል።

ሰሞኑን በተደረገ ኮልቸር (ባክቴሪያ አብቅሎ የሚያይ ምርመራ) ከአንዱ ጋስትሮስኮፕ ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ የተባለ ባክቴሪያ ወጣ። እንደገና አጥበን ወዲያው ናሙና ስንሰጥ ንጹህ ሆነ። ቅዳሜና እሁድ ተሰቅሎ ቆይቶ ሰኞ ጠዋት ናሙና ሲወሰድ ግን ያው ሱዶሞናስ ተመልሶ መጣ። ባክቴሪያው ኦፒኤውን ለምዶት ይሆን? ወደ ሌላው ጀርም ገዳይ፣ ወደ ግሉታራልዲሃይድ፣ እንቀይር? ወይስ 12 ደቂቃውን 30 ብናደርገው ይሻላል? በዚያ ላይ አስተዳደሩ በቀን ከ10 ታካሚ ወደ 20 ማሳደግ ይፈልጋል። ከየትኛው ደረጃ ላይ ደቂቃ መቀነስ ይቻላል?

ንጹህ እጅ

ሲስተር፣ መልሱ ራሱ ጥያቄሽ ውስጥ አለ። ወዲያው ሲታይ ንጹህ፣ ሁለት ቀን ተሰቅሎ ሲታይ ደግሞ በሽተኛ የሚሆን ስኮፕ ችግሩ ኬሚካሉ አይደለም፤ ውስጡ ውሃ ቀርቶበታል ማለት ነው። ሱዶሞናስ የውሃ ባክቴሪያ ነው። ኦፒኤው አብዛኛውን ገድሎት ይሆናል፣ ግን በባዮፊልም (ባክቴሪያው ራሱ በሚሠራው አጣባቂ ሽፋን) ተሸፍነው ወይም ከማለቅለቂያው ውሃ ጋር ገብተው የቀሩ ጥቂቶች እርጥብ ቻናል ውስጥ እስከ ሰኞ የሚራቡበት ጊዜ ሞልቷል። ሁለት ቀን ይቅርና ከማታ 12 ሰዓት እስከ ጠዋት 2 ሰዓት ያለው 14 ሰዓት እንኳ ይበቃቸዋል።

ስለዚህ ወደ ግሉታራልዲሃይድ መቀየር አይረዳሽም፣ ሊብስም ይችላል። እሱ ፕሮቲንን ግድግዳው ላይ ስለሚያጣብቅ በደንብ ያልታጠበ ስኮፕ ላይ ቆሻሻውን ያደርቀዋል፣ ጭሱም ለሠራተኛው አይንና ሳንባ ከባድ ነው። 12 ደቂቃውን 30 ማድረግም ባዮፊልሙን አያነሳውም፤ ሰዓት ብቻ ይበላል።

የ20 ሲሲ ሲሪንጅ አያደርቅም። ጠብታውን ገፍቶ ያስወጣል፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ስስ ውሃ ግን እዚያው ይተወዋል። ቻናሉ 2.8 ሚሊሜትር ገደማ ስፋት ኖሮት ከጫፍ እስከ መብራት ማገናኛው ሁለት ሜትር ተኩል አካባቢ እንደሚሄድ አስቢው። የሚያስፈልግሽ ዘይት አልባ ኮምፕሬሰር (የጥርስ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ዓይነት)፣ መውጫው ላይ የአየር ፊልተርና የግፊት መቆጣጠሪያ ነው። ግፊቱ በስኮፑ ማኑዋል ላይ ከተጻፈው እንዳያልፍ፤ ካለፈ ቻናሉን ይቀደዋል። በሁሉም ቻናል ቢያንስ 10 ደቂቃ አየር ይሂድ። መድረቁን ማረጋገጥ ቀላል ነው፦ አየሩ እየነፋ የስኮፑን ጫፍ ደረቅ መስታወት ላይ አስጠጊው። ጤዛ ከታየ ወይም ነጠብጣብ ከረጨ አልደረቀም።

አልኮሉ ለማድረቅ ያግዛል እንጂ ማድረቂያ አይደለም፣ ከኦፒኤውም በፊት ፈጽሞ አይገባም። እሱም ፕሮቲን ያጣብቃል።

ሲሰቀል ቫልቮቹ ወጥተው፣ የማጠፊያው ቁልፍ ተለቆ፣ ቀጥ ብሎ፣ ጫፉ ታች ሳይነካ ይሁን። ስኮፑ በመጣበት ሻንጣ ውስጥ ማሳደር ክልክል ነው፤ የሻንጣው ስፖንጅ በምንም አይጸዳም።

ከማድረቁ ቀጥሎ የምጠረጥረው በምርመራ ጊዜ ለስኮፑ ውሃ የሚሰጠውን የውሃ ጠርሙስ ነው። ምን ውሃ ነው የሚሞላው? በየስንት ጊዜው ነው የሚቀየረው? ክዳኑና ቱቦውስ ይጸዳሉ? ይህን ሳትነግሪን ወደፊት አንሄድም።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ስትሪፑ ጠዋት አንድ ጊዜ አይደለም የሚነከረው፣ እያንዳንዱ ስኮፕ ከመግባቱ በፊት ነው። ስኮፑ ውሃ ይዞ ሲገባ ኦፒኤውን ያቀጥነዋል። ጠዋት የስትሪፑን ዝቅተኛ ልክ 0.3%ን ያለፈ መድኃኒት ከሰባተኛው ስኮፕ በኋላ ላያልፍ ይችላል። የስትሪፑ ጠርሙስ ከተከፈተ በኋላም ዕድሜ ስላለው የተከፈተበትን ቀን ጻፊበት። መድኃኒቱ ራሱ ገንዳ ውስጥ ከፈሰሰ ከ14 ቀን በኋላ ስትሪፑ ቢያልፍም ይደፋል።

ባዮሜዲካል ፒያሳ

ከላይ የተባለውን ሁሉ እደግፋለሁ። ግን ሲስተር፣ ከሁለቱ ጋስትሮስኮፖች አንዱ ብቻ ደጋግሞ መያዙን ልብ ይበሉ። ውሃው፣ ገንዳውና ሰው አንድ ሆኖ አንዱ ብቻ ከታመመ ያ ስኮፕ የራሱ ችግር ይኖረዋል፤ ማድረቂያ ከገዙ በኋላም ሊቀጥል ይችላል።

መጀመሪያ ብሩሹን ልጠይቅ። ብዙ ቦታ የሚቦረሸው ከፎርሴፕ (ናሙና መቆንጠጫው) መግቢያ ወደ ጫፉ ያለው ብቻ ነው። የሳክሽን ቫልቩ ከወጣ በኋላ በዚያው ቀዳዳ ሁለት መንገድ አለ። በጎን በኩል ባለው ቀዳዳ ብሩሹን 45 ዲግሪ አዘንብለው ሲያስገቡት ወደ ታካሚው የሚገባውን ቱቦ ጨርሶ በጫፉ ይወጣል። ቀጥ አድርገው ሲያስገቡት ደግሞ በገመዱ በኩል አድርጎ በሳክሽን ማገናኛው ይወጣል። ይህ ሁለተኛው ነው የሚረሳው። ሦስተኛው የፎርሴፕ መግቢያው ነው። በእያንዳንዱ ጊዜ ብሩሹ በሌላው ጫፍ ሲወጣ ጸጉሩ በጣት ታጥቦ ነው የሚመለሰው፤ ንጹህ ሆኖ እስኪወጣ ይደጋገማል። ይህ ሁሉ ከውሃው ሥር ይሁን፤ ከላይ ከሆነ ፊትዎ ላይ ይረጫል። ጸጉሩ የተጣመመና የሳሳ ብሩሽ ግድግዳውን ሳይነካ ነው የሚያልፈው። የአንድ ጊዜ ብሩሽ የአንድ ጊዜ ነው።

የአየርና የውሃው ቻናል ከሁሉም ቀጭኑ ነው፣ ብሩሽ አይገባበትም። ያለው መፍትሔ በግፊት ማጠብ ብቻ ነው፣ እሱም የሚጀምረው አልጋው አጠገብ ነው። በጽሑፍዎ ላይ ያላየሁት ይህን ነው። ከኦሊምፐስ ጋር የሚመጣ የአየርና ውሃ ማጽጃ ቫልቭ አለ። ስኮፑ ከታካሚው እንደወጣ፣ ከፕሮሰሰሩ (ምስሉን ከሚያሳየው ማሽን) ሳይነቀል፣ የተለመደው ቫልቭ ወጥቶ እሱ ይገባል። አየሩ ከፍተኛ ላይ ተደርጎ ጫፉ ንጹህ ውሃ ውስጥ ሆኖ 30 ሰከንድ ተጭነው ውሃ ያሳልፋሉ፣ ከዚያ ለቀውት ቢያንስ 10 ሰከንድ አየር። ይህ ካልተደረገ በምርመራው ጊዜ ወደ ኋላ የገባ ንፍጥና ደም እዚያው ይደርቃል፤ የደረቀ ደግሞ እንዳረረ የሽሮ ድስት ነው፣ በኋላ ቢነክሩት አይለቅም። ማጽጃ ቫልቩ ለምርመራ እንዳይውል ጥንቃቄ ይደረግ፤ አየሩን ያለማቋረጥ ይነፋል።

ኮሎኖስኮፑ ተጨማሪ የውሃ ጄት ቻናል ካለው፣ በዕለቱ ጄቱ ባይነካም በየታካሚው ይታጠባል፣ ኦፒኤም ይገባበታል። «አልተጠቀምንበትም» የሚባለው ቻናል በሆድ ዕቃ ውስጥ ክፍት ሆኖ ነው የቆየው።

ሊክ ቴስቱን በተመለከተ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፦ ሞካሪውን ይግጠሙ፣ አየር ይሙሉ፣ የመታጠፊያው ላስቲክ ትንሽ ሲነፋ ይዩ፣ ከዚያ በኋላ ነው ውሃ ውስጥ የሚገባው። ቁልፎቹን ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ግራና ቀኝ እያጠፉ ቢያንስ 30 ሰከንድ አረፋ ይጠብቁ። አንዳንድ ቀዳዳ ካልታጠፈ አይከፈትም። ሲጨርሱ ከውሃ አውጥተው ነው አየሩን የሚለቁት፤ ውሃ ውስጥ እያለ ከነቀሉት ውሃው ወደ ውስጥ ይሳባል። የቆየ ሞዴል ከሆነ ደግሞ የቪዲዮ ማገናኛው የውሃ መከላከያ ክዳን ይፈልጋል። ያለ ክዳኑ አንድ ጊዜ መንከር ስኮፑን ይገድለዋል።

ይህ ሁሉ ትክክል ከሆነና ያው ስኮፕ መያዙን ከቀጠለ፣ የፎርሴፕ ቻናሉ ውስጡ ተፍቋል ማለት ነው። አፉ ሳይዘጋ የተጎተተ ፎርሴፕና ያለ ልክ የተገፋ የኢንጀክሽን መርፌ ግድግዳውን ይቧጭራሉ፣ ባዮፊልም እዚያ ጭረት ውስጥ ቤቱን ይሠራል። ቦርስኮፕ (ቻናሉ ውስጥ ገብቶ የሚያሳይ ቀጭን ካሜራ) ያለው ሰው ካገኙ በዓይን ይታያል። መፍትሔው ቻናሉን ማስቀየር ነው እንጂ ደጋግሞ መንከር አይደለም፤ ሥራው ደግሞ የአምራቹ ወኪል ነው። መንገድ ላይ ሙጫ የሚቀባ ጠጋኝ ጋ አይውሰዱት።

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። ባዮፕሲ ፎርሴፖቻችሁ ተመላላሽ (እየጸዱ ደግመው የሚሠሩ) ናቸው? በምን ነው የሚቀቅሏቸው?

ሲስተር ልደታ

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ጠርሙሱ የሚሞላው በተጣራ ውሃ ነው፤ ሲጎድል ይጨመርበታል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በኦፒኤ ይታጠባል። የማጽጃ ቫልቩ ከዕቃዎቹ መሀል አለ፣ ግን አንጠቀምበትም። ፎርሴፖቹ ተመላላሽ ናቸው። በዲተርጀንት ታጥበው በጠረጴዛ አውቶክሌቭ (የእንፋሎት ማምከኛ) ነው፤ የግፊት ጌጁ 15 ፒኤስአይ ሲደርስ 30 ደቂቃ እንቆጥራለን።

ንጹህ እጅ

ጠርሙሱ ተገኘ። ውሃ በላዩ ላይ መጨመር ባክቴሪያውን መመገብ ነው። የሚሞላው ስቴራይል (ከጀርም ፈጽሞ የጸዳ) ውሃ ይሁን፣ ማታ ማታ የተረፈው ይደፋ፣ ጠርሙሱ ከነክዳኑና ከነቱቦው ታጥቦ በየቀኑ አውቶክሌቭ ይደረግ፣ ደርቆ ይደር። አውቶክሌቭ የማይችል ዓይነት ከሆነ በየቀኑ ኦፒኤ፣ በስቴራይል ውሃ ማለቅለቅ፣ ከዚያ ማድረቅ። ሁለት ጠርሙስ ካላችሁ መፈራረቅ ይቻላል። ጠርሙሱ ለሁለቱም ጋስትሮስኮፖች የሚያገለግል ከሆነ ግን የአንዱን ብቻ መታመም ብቻውን አያስረዳም፤ የባዮሜዲካሉን ነገር አትተዪው።

የሮቶውንም ውሃ እንዳትረሺ። የመጨረሻው ማለቅለቂያ በ0.2 ማይክሮን ፊልተር ያለፈ ወይም ስቴራይል ውሃ መሆን አለበት። ከሮቶ በቀጥታ 0.2 ብታስገቢበት በቀናት ውስጥ ይደፈናል፣ ስለዚህ ከፊቱ 5 እና 1 ማይክሮን ይቅደሙት። ጊዜው ያለፈ ፊልተር ከፊልተር አልባ ይብሳል፤ ቤቱ ራሱ ማራቢያ ይሆናል። ሮቶው ተከፍቶ የታጠበው መቼ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ክሊኒኩ ውስጥ ካለ ጠይቂው፤ ብዙ ቦታ የሚያውቅ የለም።

በነገራችን ላይ ከኦፒኤ በኋላ ያለው ማለቅለቅ ሦስት ጊዜ ነው፤ በየጊዜው አዲስ ውሃ፣ 8 ሊትር ገደማ፣ ቢያንስ አንድ ደቂቃ፣ በየቻናሉም 100 ሚሊሊትር። በአንድ ገንዳ ውሃ ሦስት ስኮፕ ማለቅለቅ የለም። በደንብ ያልታጠበ ኦፒኤ የታካሚውን ከንፈርና ምላስ ያጠቁራል፣ ጉሮሮና ጨጓራም ያቃጥላል።

ባዮሜዲካል ፒያሳ

15 ፒኤስአይ ያሉት ላይ ቀልድ የለም ሲስተር። ያ ቁጥር ለባሕር ጠለል የተሰላ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነች፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ አካባቢ ስለሆነ ጌጁ 15 ሲል ውስጡ ያለው እንፋሎት 117 ዲግሪ ገደማ ነው እንጂ 121 አይደለም። 121 ለመድረስ ጌጁ ላይ 18.5 ፒኤስአይ ገደማ ያስፈልጋል። ከተማችን ውስጥ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላው በዚሁ ምክንያት ነው። እንግዲህ 30 ደቂቃውን በሙሉ ቢጠብቁም ፎርሴፑ ስቴራይል ላይሆን ይችላል።

በጌጅ አይመሩ፣ በቴርሞሜትሩ ይመሩ። አውቶክሌቩ ሙቀት የሚያሳይ ከሆነ ጊዜው የሚቆጠረው 121 ከደረሰ በኋላ ነው። የማያሳይ ከሆነ ግፊቱን ከፍ ከማድረጋችሁ በፊት የዕቃውን የግፊት ጣሪያና የሴፍቲ ቫልቩን ልክ ባለሙያ ይይ። በየጥቅሉ ኬሚካል ኢንዲኬተር፣ በየሳምንቱ ደግሞ የስፖር (ጠንካራው የባክቴሪያ ዘር መሞቱን የሚያሳይ) ምርመራ ይግባ። ቡኒ የሚሆነው ቴፕ ሙቀት መንካቱን ነው የሚናገረው፣ መምከኑን አይደለም።

ፎርሴፕ የአንጀት ሽፋን ስለሚቆርጥ ከስኮፑ ይልቅ ጥብቅ ነው። ስኮፑ ከፍተኛ ደረጃ ዲስኢንፌክሽን ይበቃዋል፣ ፎርሴፑ ግን ስቴራይል መሆን አለበት። ጠመዝማዛ ሽቦው ውስጥ የገባ ደም በብሩሽ አይወጣም፤ አልትራሳውንድ ማጠቢያ ይፈልጋል። ማሽኑ ከሌለ የአንድ ጊዜ ፎርሴፕ ገዝቶ መጣሉ ያዋጣል ባይ ነኝ።

ላብ አራት ኪሎ

ስለ ናሙናው ልጨምር፤ ብዙ ጊዜ ውጤቱን የሚያሳስተው አወሳሰዱ ነውና። ከስኮፑ ጫፍ በጥጥ የተወሰደ ናሙና ስለ ቻናሉ ምንም አይናገርም። መወሰድ ያለበት በቻናሉ ስቴራይል ሳላይን አሳልፎ፣ በስቴራይል ብሩሽ ቦርሾ፣ እንደገና አሳልፎ፣ ሁሉንም በአንድ ዕቃ ተቀብሎ ነው። በየቻናሉ 20 ሚሊሊትር ይበቃል። የሚወስዱት ሁለት ሰዎች ይሁኑ፤ አንዱ ስኮፑን ይያዝ፣ ሌላው ስቴራይል ጓንት አድርጎ ዕቃውን። ጊዜውም ወሳኝ ነው፦ ተሰቅሎ ካደረ በኋላ፣ ለታካሚ ከመዋሉ በፊት። ሲስተር ሰኞ ጠዋት ማስወሰዷ ትክክል ነበር፤ ታጥቦ ወዲያው የተወሰደው ነው ያታለለው፣ የኬሚካል ቅሪትም ባክቴሪያውን ሊደብቀው ይችላል።

ውጤቱ ሲነበብ የአውሮፓ የኢንዶስኮፒ ማኅበራት መለኪያ በአንድ ቻናል ከ20 ኮሎኒ (የበቀለ የባክቴሪያ ክምር) በታች ነው። ሱዶሞናስ፣ ኢ ኮላይ ወይም ስታፍ ኦሪየስ ከታየ ግን ቁጥሩ አይታይም፣ አንድም ቢሆን ስኮፑ ይቆማል። የባክቴሪያው ዓይነት ደግሞ የት መፈለግ እንዳለብን ይጠቁማል። ሱዶሞናስና መሰሎቹ ከሆኑ የሚፈተሸው ውሃ፣ ጠርሙስና ማድረቅ ነው። ኢ ኮላይና ሌሎች የአንጀት ባክቴሪያዎች ከወጡ መቦረሹ ወይም ኦፒኤው ጎድሏል። ስታፍ ኤፒደርሚዲስ ከሆነ ደግሞ ከእጅ፣ ከቁምሳጥን ወይም ከናሙናው ነው። ከዚያው ጋር ከጠርሙሱ፣ ከማለቅለቂያው ቧንቧና ከሮቶው ለየብቻ ናሙና ላኪ። አንዱ ላይ ያው ሱዶሞናስ ከነመድኃኒት መቋቋሚያ ባሕሪው ከተገኘ ምንጩን አገኘሽ።

ሌላው የኦፒኤው ሙቀት ነው። 12 ደቂቃው የሚሠራው መድኃኒቱ ቢያንስ 20 ዲግሪ ሲሆን ነው። በሐምሌም ሆነ በኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ማሞቂያ በሌለው ክፍል ውስጥ ያደረ ገንዳ 16 ወይም 17 ሊሆን ይችላል። ስትሪፑ ይህን አይነግርሽም፤ መጠኑን ነው የሚለካው፣ ሙቀቱን አይደለም። ገንዳው ውስጥ ቴርሞሜትር ይኑር። ከቀዘቀዘ ክፍሉን አሙቂ ወይም ገንዳውን ሙቅ ውሃ ባለበት ሌላ ገንዳ ውስጥ አስቀምጪ። ምድጃ ላይ አይጣድም፣ ደቂቃ በግምት መጨመርም መፍትሔ አይደለም።

ጤና መኮንን 21

ይቅርታ፣ ለምን ቀላሉን አታደርጉም? በረኪና 0.5% ውስጥ 10 ደቂቃ ነክሮ ከዚያ ማጠብ ነው የተማርነው። ርካሽ ነው፣ ሁሉንም ይገድላል።

ንጹህ እጅ

ያ የድሮው ትምህርት ነው ወንድሜ፤ ለብረት ዕቃ እንኳ ከማጠብ በፊት በክሎሪን መንከርን የዓለም ጤና ድርጅት ከተወው ቆይቷል። ክሎሪን በቆሻሻ ላይ ኃይሉን ያጣል፣ ብረቱን ያዝገዋል፣ ስኮፕ ላይ ደግሞ የላስቲኩን ሽፋንና የሌንሱን ሙጫ ይበላል። በረኪናው ለወለሉና ለአልጋው ይሁን። ሳቭሎንና ዴቶልም ለስኮፕ ከፍተኛ ደረጃ ዲስኢንፌክታንት አይደሉም።

ዶ/ር ጨጓራ

የአስተዳደሩን ጥያቄ ማንም አልመለሰም፤ በቁጥር እንየው። አልጋ አጠገብ 3 ደቂቃ፣ ማጓጓዝና ሊክ ቴስት 5፣ ማጠብና መቦረሽ 15፣ ማለቅለቅና ውሃውን ማውጣት 5፣ ኦፒኤ 12፣ ሦስቱ ማለቅለቂያ 5፣ ማድረቅ 10። ድምሩ 55 ነው። ምርመራው ከዝግጅቱ ጋር 15 ቢወስድ አንድ ጋስትሮስኮፕ በ70 ደቂቃ አንዴ ይዞራል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 10 ሰዓት ተኩል 480 ደቂቃ ነው፤ ያለ ምሳ ለአንድ ስኮፕ 6 ታካሚ፣ ለሁለቱ 12።

እሱም ቢሆን አጣቢው ብቻውን ካልሆነ ነው። ከ55ቱ ደቂቃ 12ቱ ኦፒኤ ሲሆን በሌላው ላይ መሥራት ይቻላል እንበል፤ አንድ ሰውና አንድ ማጠቢያ ገንዳ በቀን 11 ስኮፕ ያህል ነው የሚያወጡት፣ ኮሎኖስኮፑ ተጨምሮ። 20 ታካሚ የሚፈልግ አስተዳደር አራት ጋስትሮስኮፕ፣ ሁለት አጣቢና ሁለት መስመር ይግዛ። ውሃውም ይቆጠር፦ በአንድ ስኮፕ ከዲተርጀንቱ ጋር 45 ሊትር ገደማ ሲሆን 20 ስኮፕ 900 ሊትር ነው። ውሃ በሚቋረጥበት ቀን ሮቶው አይበቃም።

ደቂቃ የሚሰረቀው ሁልጊዜ ከመቦረሽና ከማድረቅ ነው፣ ምክንያቱም ኦፒኤው ሰዓት ተሞልቶለት ይጮኻል፣ ብሩሹ አይጮኽም። ለዚህ ነው ሲስተር የመዝገቡን ዓምዶች እንድትቀይሪ የምመክረው። የታካሚው ካርድ ቁጥር፣ የስኮፑ ሲሪያል ቁጥር፣ ከታካሚው የወጣበት ሰዓት፣ ማጠብ የተጀመረበት ሰዓት፣ ስትሪፕ፣ የኦፒኤው ሙቀት፣ አየር የጀመረበትና ያበቃበት ሰዓት፣ የአጣቢው ፊርማ። ከታካሚው ከወጣ በ60 ደቂቃ ውስጥ ካልታጠበ በተለመደው መንገድ አይቀጥልም፤ ማኑዋሉ ለዘገየ ስኮፕ የሚያዘውን ረዘም ያለ መዘፍዘፍ ይጠይቃል።

ማጠቢያ ማሽን ለመግዛት ካሰቡም ማሽኑ መቦረሹን አይተካም። መብራት መሀል ላይ ከጠፋ ዙሩ ከመጀመሪያ ይጀመራል እንጂ ከቆመበት አይቀጥልም፤ ስለዚህ ከማሽኑ ጋር ዩፒኤስ ይታሰብ። ኢአርሲፒ (የሐሞትና የቆሽት ቱቦ ምርመራ) ለምትሠሩ ደግሞ ለእሱ የሚያገለግለው የዱዎዴኖስኮፑ ጫፍ ላይ ያለው ማንሻ ለብቻው ራስ ምታት ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2015 መድኃኒት የለመዱ ባክቴሪያዎችን አስተላልፎ ሰው ከሞተ በኋላ፣ የአገሪቱ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2019 ጫፉ ወይም ሙሉው የአንድ ጊዜ ወደሆነ ስኮፕ እንዲዞሩ መክሯል።

ሰመመን

አጭር ነገር። ስኮፕ ስኮፕ ስንል ሲሪንጁ እንዳይረሳ። እ.ኤ.አ. በ2008 ላስ ቬጋስ ውስጥ ሄፓታይተስ ሲ ከአንድ የኢንዶስኮፒ ማዕከል ሲሰራጭ፣ ከ40 ሺህ በላይ ሰዎች እንዲመረመሩ ሲጠሩ፣ ዋናው ጥፋት የነበረው ፕሮፖፎሉ (የማስተኛ መድኃኒቱ) ላይ ነው። ለአንድ ታካሚ መርፌውን ብቻ ቀይረው በያዙት ሲሪንጅ ከብልቃጡ ደግመው ይቀዳሉ፣ ያው ብልቃጥ ለቀጣዩ ታካሚ ይውላል። ፕሮፖፎል የዘይት ይዘት ስላለው ባክቴሪያም ይራባበታል። አንድ ብልቃጥ ለአንድ ታካሚ፣ የተረፈው ይደፋል። የሊዶካይን ስፕሬዩ አፍንጫም ምላስ የሚነካ ከሆነ ለየታካሚው ይቀየር።

ሲስተር ልደታ

ስኮፑን ከዛሬ ጀምሮ አቁመነዋል፣ ቀይ መለያም ታስሮበታል። ኮምፕሬሰርና ፊልተር ተክለሃይማኖት ካሉት መደብሮች ዋጋ እያስጠየቅሁ ነው። የሚቀረኝ፦ ጠርሙሱና ማድረቁ ተስተካክሎ አንድ ኮልቸር ንጹህ ቢመጣ ወደ ሥራ ልመልሰው? በዚህ መሀል የተመረመሩትንስ ታካሚዎች ምን እናድርግ?

ላብ አራት ኪሎ

በአንድ ንጹህ ውጤት አልመልሰውም ሲስተር። እኔ ብሆን ቅዳሜ ከሰዓት ታጥቦና በአየር ደርቆ ይሰቀል፣ ሰኞ ጠዋት ናሙና ይወሰድ፤ በሚቀጥለው ሳምንትም ይደገም እላለሁ። ሁለቱም ንጹህ ከሆኑ ይመለስና ከወር በኋላ ሦስተኛ ናሙና ይወሰድ። ሁለተኛው ላይ ተመልሶ ከበቀለ ሌላ እጥበት አትሞክሪ፤ ቻናሉ እንዲታይ ለወኪሉ ይላክ።

ታካሚዎቹን በተመለከተ፣ ታጥቦ ወዲያው የተወሰደውን አታላይ ናሙና ሳትቆጥሪ፣ ሱዶሞናሱ ከመገኘቱ በፊት የመጨረሻው ንጹህ ኮልቸር ከተወሰደበት ቀን ጀምሮ በዚያ ሲሪያል ቁጥር የተመረመሩትን ከመዝገቡ አውጪና ዝርዝሩን ለሐኪሙና ለኢንፌክሽን መከላከል ኮሚቴው ስጪ። ከምርመራው በኋላ ትኩሳት ይዟቸው የተመለሱ፣ ደም ኮልቸራቸው ሱዶሞናስ ያሳየ፣ ወይም የመከላከል አቅማቸው የደከመ፣ ለምሳሌ ኬሞ የሚወስዱ፣ ቀድመው ይታዩ። ለማን ምን እንደሚነገር የሚወስኑት ሐኪሙና ኮሚቴው ናቸው። ያንቺ ድርሻ ዝርዝሩ አንድም ሰው እንዳይጎድለው ማድረግ ነው፤ የሲሪያል ቁጥር ዓምዱ ባዶ የሆነበት ቀን ካለ የዚያን ቀን ታካሚዎች በሙሉ ጨምሪያቸው።